ሐዲስ ዓለማየሁ ጦርነቱን ትተው ለምን የቅኔ ቤቱን ጻፉ?

ማርቆሴው፦
ሰላም ለዚህ ቤት። ፍቅር እስከ መቃብር በቴሌቪዥን ድራማ ከሆነ ወዲህ ማርቆስ ላይ ቡና በተጠጣ ቁጥር ወሬው እሱ ነው፣ በዛብህ እውነት የነበረ ሰው ነው ወይ፣ ፊታውራሪ መሸሻ የነ እገሌ አያት ናቸው እየተባለ፣ ምናምን። እኔን ግን ሌላ ነገር ነው የሚከነክነኝ። ሐዲስ ዓለማየሁ በሕይወታቸው ያዩትን ታውቃላችሁ አይደል? እዚሁ ማርቆስ እያስተማሩ ሳለ ጣሊያን መጣ፣ ከራስ እምሩ ጋር ሽሬ ግንባር ዘመቱ፣ ጦሩ ተፈታ፣ ሲያፈገፍጉ ከርመው በ1929 ከራስ እምሩ ጋር ተማረኩ፣ ከዚያ ጣሊያን አገር ተወሰዱና ፖንዛና ሊፓሪ በሚባሉ ደሴቶች ታሰሩ፣ በጠቅላላው ወደ 7 ዓመት ገደማ በምርኮ ቆዩ። እንደኔ ያለ ሰው ይሄ ቢደርስበት የመጀመሪያ ልብ ወለዱ ስለ ሌላ ነገር ሊሆን አይችልም። እሳቸው ግን በ1958 ይዘው የመጡት አንድ የቅኔ ተማሪና አንዲት የባላባት ልጅ ነው። ጦርነቱን ራሱን የተረኩበት «ትዝታ» የሚባለው መጽሐፋቸው የወጣው በ1985 ነው። ሽሬ የተዘመተው በ1928። እናንተው አስሉት።

ጥያቄዬ እንግዲህ፣ ሰውን መጽሐፍ የሚያስጽፈው የደረሰበት ትልቁ ነገር ነው ወይስ ሌላ? ትልቁን ነገር ለምን ያሳድረዋል? ከሌሎች የጎጃም ደራሲዎችም ምሳሌ አምጡ። «ደራሲ የኖረውን ነው የሚጽፈው» የምትለዋን ግን በናታችሁ ተዉልኝ፣ እሷን ሁሉም ይላታል።

ቡሬ03፦
ይሄ ምን ጥያቄ ነው አቦ። ሰውየው አምባሳደር ነበሩ፣ ሚኒስትር ነበሩ። ስለ ጦርነቱ እውነቱን ልጻፍ ካልክ ማን ሸሸ፣ ማን ከዳ፣ ማን ባንዳ ሆነ ሳትል አታልፍም፣ ከነዚያ ውስጥ ደግሞ አንዳንዱ ከነጻነት በኋላ አጠገብህ ወንበር ላይ ቁጭ ብሏል። ዝም አሉ፣ በቃ።

ማርቆሴው፦
@ቡሬ03 ያስኬዳል ግን አይሞላም። ፍቅር እስከ መቃብር ራሱ እኮ ለባለሥልጣን የሚመች መጽሐፍ አይደለም። ጉዱ ካሣ ስለ ሥርዓቱ የሚናገረውን አስታውስ፣ ያንን በንጉሡ ዘመን፣ ያውም ወንበር ላይ ሆኖ ያሳተመ ሰው በፍርሃት ዝም አለ ማለት ይከብደኛል።

የዲማው ቆሎ ተማሪ፦
እኔ ስለ መጽሐፍ ብዙ አላውቅም፣ ቅኔ ቤት ግን ኖሬያለሁ፣ መጀመሪያ ደብረ ኤልያስ ቀጥሎ ዲማ፣ አሁን ትቼው ፍኖተ ሰላም ሱቅ ከፍቻለሁ። ሐዲስም በዚያው መንገድ ነው ያለፉት፣ ስለዚህ ከዚያ ልጀምር።

ቅኔ ቤት ስትገባ ከየኔታ በፊት የሚያስተምርህ ውሻ ነው። አኩፋዳህን አንግተህ፣ ደበሎህን ለብሰህ፣ ዱላህን ይዘህ በየደጁ «በእንተ ስማ ለማርያም» ስትል ቀድሞ የሚወጣው እሱ ነው፣ እማወራዋ ከውስጥ ሆና እስክትገስጸው ድረስ ጀርባህን ለአጥር ሰጥተህ ዱላህን እያወዛወዝክ ትቆማለህ። ቁራሹን ይዘህ ትመለሳለህ፣ የጤፉ ከዳጉሳው ከበቆሎው ጋር ተደባልቆ፣ ዝናብ ያገኘው ሻግቶ። ቀን ዛፍ ሥር ኩርምት ብለህ ቅኔ ትቆጥራለህ፣ ማታ ለየኔታ ትነግራለህ፣ እሳቸውም ይሄ ቤት አልመታም፣ እዚህ ጋ ምሥጢሩ ተፋለሰ እያሉ ያርሙሃል። የትናንቱን ዛሬ ደግመህ ማቅረብ የለም። በየቀኑ አዲስ ነው የሚፈለገው፣ ከጉባኤ ቃና ተነስተህ መወድስ እስክትደርስ። ታዲያ በየቀኑ አዲስ ነገር ከየት ይመጣል? ከዋልክበት ነዋ! ጠዋት ውሻ ከነከሰህ ማታ ውሻው ቅኔህ ውስጥ አለ። ግን ውሻ ሆኖ አይገባም። ሄሮድስ ሆኖ ይገባል፣ አንተ ደግሞ ከቤተ ልሔም ሕፃናት አንዱ ነህ። ጉባኤው በሙሉ ስለ ሄሮድስ የተዘረፈ መስሎት ይሰማል፣ የኔታ ብቻ እግርህን አየት አድርገው ፈገግ ይላሉ።

በልጅነቱ እንዲህ እየሠራ ያደገ ሰው ኋላ ልብ ወለድ ሲጽፍ የደረሰበትን እንዳለ አምጥቶ የሚዘረግፈው ይመስላችኋል? እጁ እሺ አይለውም። ስለዚህ ሽሬንም እስር ቤቱንም ፍቅር እስከ መቃብር ውስጥ ፈልጓቸው ነው የምለው።

ቡሬ03፦
የት ጋ? ገጽ ጥቀስ።

የዲማው ቆሎ ተማሪ፦
ገጽ አልጠቅስልህም፣ መጽሐፌን የተዋሰኝ ሰው እስካሁን አልመለሰውም። ግን የፊታውራሪ መሸሻን ዘመቻ አስታውስ። ገበሬው አልገብርም ሲል ጦር ይዘው ዘመቱበት፣ መጨረሻው ምን ሆነ? አበጀ በለው ማረካቸው። ዕድሜ ልካቸውን ሲፎክሩ የኖሩ ትልቅ ሰው የገዛ ገበሬያቸው ምርኮኛ ሆነው ቁጭ አሉ። እኛ እንስቃለን። ያንን የጻፈው ግን ራሱ ከነአለቃው ተማርኮ ባሕር ተሻግሮ ደሴት ላይ የተቀመጠ ሰው ነው። ምርኮኛ የማረከውን ሰው በምን ዓይን እንደሚያየው፣ ትናንት ሲታዘዝለት የነበረ ሰው ዛሬ ፊቱ ቆሞ ሲያዘው ምን እንደሚሰማው፣ ይሄንን በወሬ አላወቀውም። ልዩነቱ እዚህ የተማረከው ጨቋኙ ነው። ገልብጦታል።

ማርቆሴው፦
ኧረ ይሄን አላሰብኩትም ነበር። ግን ደግሞ እንዳንለጥጠው፣ ባላባትና ገበሬ የተጋጨበት ታሪክ ጎጃም ውስጥ ጠፍቶ አያውቅም፣ ያንን ለመጻፍ ግዴታ ጣሊያን መታሰር አያስፈልግም።

የዲማው ቆሎ ተማሪ፦
ግጭቱንማ ማንም ይጽፈዋል። እኔ የምለው መማረኩን ነው፣ መማረኩ ላይ ቆይቶ ማየቱን።

እንጅባራ ላይ፦
ጤና ይስጥልኝ፣ ብዙ ጊዜ አንብቤ ብቻ ነው የምሄደው ዛሬ ግን ጉዳዩ ነካኝ። እኔ ደራሲ ነኝ አልልም፣ አጫጭር ነገር እሞካክራለሁ። አባቴ ሲሞት ስለሱ ልጽፍ ቁጭ እል ነበር፣ የሚወጣው ግን የለቅሶ ቤት ንግግር የሚመስል ነገር ነው፣ ደግ ነበር፣ አገር የሚያስታርቅ ነበር፣ እንዲህ እንዲያ። እውነት ነው ግን ሞቷል። ወረቀቱ ላይ እንደገና ሞተ ማለቴ ነው።

አባቴ ፈረሰኛ ነበር። አገው ምድርን የምታውቁ ታውቃላችሁ፣ የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር ጥር 23 ሲያከብር እንጅባራ ሜዳው እንዴት እንደሚሆን፣ የዓድዋን መታሰቢያ ነው የሚያደርጉት። እና አባቴ ከሞተ በኋላ ፈረሱ ቤት ቀረ። ለቅሶው ቀን ኮርቻውን ጭነው፣ ጋሻውንና ጎራዴውን ኮርቻው ላይ አስረው፣ ሰው ሳይቀመጥበት በሉጓሙ እየተሳበ ሲመጣ ሴቱ ሁሉ ጮኸ። ይሄን ያገሬ ሰው ሁሉ ያየው ነገር ነው፣ እሱን አልጻፍኩም። የጻፍኩት ከዚያ በኋላ ያለውን ነው፣ ታናሽ ወንድሜ ፈረሱን ውኃ ሊያጠጣ ሲወስደው ፈረሱ በአባቴ መንገድ በኩል ካልሆነ አልሄድም ማለቱን፣ አባቴ ሁልጊዜ አንድ ጠላ ቤት በር ላይ ቆም ይል ነበርና ፈረሱም እዚያ ሲደርስ ቀጥ ብሎ ይቆማል፣ ወንድሜ ደግሞ የሰው ዓይን እያየው እዚያ በር ላይ ቆሞ መጠበቅ። እናቴ ጠላ ቤቱን አታውቅም ነበር። እዚህ ላይ ነው ታሪኩ የመጣልኝ። ስለ አባቴ አንድ ቃል አልጻፍኩም፣ ያነበቡት ዘመዶቼ ግን እሱን አገኙት፣ አንዷ አክስቴ እስካሁን ተቀይማኛለች።

ስለዚህ @ማርቆሴው ጦርነቱን «ትተው» አትበል። የማይጻፈውን ነገር ለመጻፍ ሰው በጎን ይሄዳል።

ማርቆሴው፦
እህት ዓለም ያንን ታሪክ እዚህ ለጥፊልን በማርያም።

እንጅባራ ላይ፦
አክስቴ ከታረቀችኝ በኋላ ይታሰባል 😀

ሽበቱ፦
ልጆች እንደምን ዋላችሁ። እኔ ፍቅር እስከ መቃብርን መጀመሪያ ያነበብኩት ሳይሆን የሰማሁት ነው፣ ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲተርከው። ሰዓቱ ሲደርስ ሬዲዮ ያለው ሰው ቤት እንሰበሰብ ነበር፣ ማንበብ የማይችለው ሁሉ ሰብለን እንደ ጎረቤት ልጅ ያውቃት ነበር። ይሄን ያልኩት ለመግቢያ ነው።

ዋናው ነገሬ፣ አባቴ ነፍሱን ይማረውና የራስ እምሩ ጦር ውስጥ ነበር። ተከዜ ላይ አውሮፕላን የመርዝ ጋዝ ያዘነበበት ጦር ነው። እኛ ልጆቹ ጦርነቱን ንገረን ስንለው ስለ በቅሎው ነበር የሚያወራው። ዳማ በቅሎ ነበረችኝ፣ እንዲህ ትረግጥ ነበር፣ ገደል አፋፍ ላይ እንኳ አትደነብርም፣ ጭነት ሲላላ ራሷ ትቆማለች እያለ እስኪመሽ። ስለ ጋዙ አንድ ቀን ተናግሮ አያውቅም። እኔ ያነበብኩት መጽሐፍ ላይ ነው፣ ትልቅ ሰው ሆኜ፣ እሱ ከሞተ በኋላ። በቅሎዋ የት ቀረች ብለን ስንጠይቀው ግን ተነስቶ ይወጣል።

እና ልጄ እንጅባራ ያለችው ልክ ናት። ቡሬ ያለው ልጅ ያለውም አይናቅም፣ ሥልጣን ያለው ሰው ብዙ ነገር ያስባል። ግን አባቴ ሥልጣን አልነበረውም፣ ገበሬ ነው፣ እሱስ ለምን ዝም አለ?

ቡሬ03፦
አያ ሽበቱ እግዜር ይስጥልኝ፣ አባትዎን ነፍስ ይማር። እርስዎ ያሉትን ልከራከር አልችልም። ግን ሁሉም ደራሲ በጎን ይሄዳል የሚለውን አልቀበልም። በዓሉ ግርማን ውሰዱ፣ ጎጃሜ አይደለም ግን ለነገሩ ይጠቅማል። የቀይ ኮከብ ዘመቻ በ1974 ነው፣ እሱ ማስታወቂያ ሚኒስቴር ሆኖ አሥመራ ሄዶ ነገሩን ከውስጥ አየ፣ ኦሮማይ በ1975 ወጣ። አንድ ዓመት! ትኩሱን ነው የጻፈው፣ በቀጥታ ነው የጻፈው፣ ሰው ሁሉ ማን ማን እንደሆነ ያውቃል። ያም መጽሐፍ ነው፣ ያውም ምን የመሰለ።

ማርቆሴው፦
ዋጋውንም ተናገር እንጂ። መጽሐፉ ከገበያ ተሰበሰበ፣ ከሥራው ተባረረ፣ የካቲት 1976 ከቤቱ እንደወጣ ቀረ። በጎን መሄድ አንዳንዴ የጥበብ ጉዳይ ብቻ አይደለም።

ጣናዳር፦
ዘግይቼ ነው የገባሁት ይቅርታ፣ ኔት አስቸግሮኝ ነው። ከጎጃም ደራሲዎች አምጡ ስላልክ ላምጣ።

አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ የዘጌ ሰው ነው፣ ጦቢያን ያሳተመው ግን ሮም ነው በ1900፣ ጣሊያን አገር አማርኛ እያስተማረ። በአማርኛ የመጀመሪያው ልብ ወለድ የተጻፈው አማርኛ በማይወራበት አገር ነው ማለት ነው። ስለሱ ብዙ ማለት ይቻላል፣ በኋላ ከጣሊያን ጋር የሠራውም ስላለ ወደ ስድድብ እንዳንገባ ልለፈው።

አቤ ጉበኛ፣ የአቸፈር ልጅ። እሱም የቤተ ክህነት ትምህርት ነው የተማረው፣ ስለዚህ የዲማው ወንድማችን እንዳለው በሰም መጠቅለል ያውቅበታል። አልወለድም በ1955 ሲወጣ ነገሩ በሙሉ ሰም ነው፣ ከናቱ ማሕፀን ሆኖ እንዲህ ያለ አገር ላይ አልወለድም የሚል ልጅ። ግን ሰሙ በጣም ቀጭን ነበር መሰለኝ፣ ወርቁ ለሁሉም ታየ፣ ለመንግሥትም ታየ። መጽሐፉ ታገደ፣ እሱም ወደ ኢሉባቦር በግዞት ተላከ። አቤን ያስጻፈው ሰፈሩ የደረሰበት ሳይሆን አዲስ አበባ ገብቶ ጋዜጠኛ ሆኖ ያየው ነው ብዬ ነው የማስበው፣ የገጠር ልጅ ከተማ ገብቶ ድሃው ሲረገጥ ሲያይ። ንዴት ነው። ሐዲስ አርፈው ነው የጻፉት፣ አቤ ግን እየነደደው።

ከሁሉም የሚገርመኝ ግን ተመስገን ገብሬ ነው። እሱም የጎጃም ልጅ ነው። የካቲት 12 ቀን 1929 አዲስ አበባ ላይ የሆነውን ጭፍጨፋ አይቶ፣ ከዚያ ተርፎ፣ ሱዳን ተሰደደ። ተመልሶ መጥቶ በ1941 ያሳተመው ምንድነው? የጉለሌው ሰካራም! ተበጀ ስለሚባል አንድ ጠጪ። የመጀመሪያው የአማርኛ አጭር ልብ ወለድ የሚባለው እሱ ነው። ጭፍጨፋውን የተረከበት ሕይወቴ የሚለው ግለ ታሪኩ የታተመው በ2001 ነው፣ እሱ ከሞተ ከብዙ ዘመን በኋላ። ከሐዲስ ጋር አስተያዩት፣ ተመሳሳይ ነው።

ቡሬ03፦
አይመሳሰልም! ተመስገን እኮ ሕይወቴን በሕይወት እያለ ጽፎታል። የዘገየው ኅትመቱ ነው እንጂ እጁ አልዘገየም። ይሄማ የኔን ክርክር ነው የሚደግፈው፣ ሰው የደረሰበትን ቶሎ ይጽፋል፣ ሳጥን ውስጥ የሚያስቀረው ሌላ ነገር ነው። እኛ አንባቢዎች የምናየው የታተመበትን ዓመት ብቻ ስለሆነ ደራሲው ዝም ያለ ይመስለናል።

ጣናዳር፦
@ቡሬ03 እዚህ ላይ አሸነፍከኝ። ግን አንድ ነገር አለ፣ ግለ ታሪክ አድርጎ ጻፈው፣ ልብ ወለድ አላደረገውም። ሐዲስም ትዝታን ልብ ወለድ አላደረጉትም። ሁለቱም ጣሊያንን የጻፉት በራሳቸው ስምና በእውነቱ ቀንና ቦታ ነው። ተበጀንና በዛብህን ፈጠሩ፣ ጦርነቱን ግን መፍጠር አልፈለጉም። እንደ ምስክርነት ነው የቆጠሩት፣ ምስክር ደግሞ አይጨምርም አይቀንስም።

ማርቆሴው፦
ይቺን ወድጃታለሁ። እንግዲህ የኔ ጥያቄ ራሱ ተጣሞ ነበር የተጠየቀው ማለት ነው፣ ጦርነቱ ለምስክርነት ተቀመጠ፣ ልጅነቱ ለልብ ወለድ። ግን ዮፍታሔ ንጉሤስ? የደብረ ኤልያስ የቅኔ ሰው፣ እሱም በጣሊያን ጊዜ ሱዳን የተሰደደ፣ አፋጀሽኝን ግን ለመድረክ ነው የሠራው፣ የጠላትን ዘመን ነገር በቴአትር አደረገው። ምስክርነት አላለም።

የዲማው ቆሎ ተማሪ፦
ቴአትር እኮ ጉባኤ ነው። ሰው ፊት ለፊት ተቀምጧል፣ የዛሬውን ነገር ዛሬ ማታ ነው የሚፈልገው፣ ነገ ቢሆን አይሰማህም። ዮፍታሔ እንደ ቅኔ ነው የሠራው። ርዕሱን ራሱ አስበው፣ አገሪቷን ሴት አድርጎ፣ ወንዶቹ በሷ የተነሳ ሲፋጁ። ሄሮድስ ብዬ የነገርኳችሁን አስታውሱ።

ገና ጀማሪ፦
ሰላም ነው ሁላችሁም። እኔ ባሕር ዳር ነው ተወልጄ ያደግኩት፣ ዩኒቨርሲቲም እዚሁ ነው፣ ቆሎ ተማሪ አልነበርኩ፣ ቤታችን ፈረስ የለም፣ መጻፍ ግን እፈልጋለሁ። እናንተ ስታወሩ ቅናት ነው የያዘኝ። ምንም ያልደረሰበት ሰው ምን ይጻፍ?

ቡሬ03፦
ሃሃሃ መጀመሪያ ዕዳ ግባ።

እንጅባራ ላይ፦
@ገና ጀማሪ እሱን አትስማው። የኔ ታሪክ የተገኘው ጠላ ቤት በር ላይ የቆመ ፈረስ ነው፣ ምን ደረሰብኝ ልበል? ቤታችሁ ውስጥ ሰው የማያነሳው ወሬ አለ አይደል? እናትህ ስሙ ሲነሳ ወሬ የምትቀይርበት ሰው? ከዚያ ጀምር። የምትጽፈው ስለዚያ ሰው አይሁን፣ ወሬ ስትቀይር የምታነሳው ነገር ምን እንደሆነ አስተውል። ስለ ቡና ዋጋ ታወራለች? ስለ ቡና ዋጋ ጻፍ።

ገና ጀማሪ፦
ኧረ እናቴስ ስለ ሞገድ ነው የምታወራ፣ ጣና ላይ ታንኳ ስለሰመጠበት ጊዜ፣ ሁልጊዜ ያችኑ። ለምን እንደሆነ አስቤው አላውቅም ነበር። እሺ።

ሽበቱ፦
ልጄ ጠይቃት። ግን ቀስ ብለህ፣ ቡና እያፈላች።

ጣናዳር፦
አንድ ነገር ልጨምርና ልውጣ። ሐዲስ ትዝታን ሲያወጡ ዕድሜያቸው 80 አልፎ ነበር። ከዚያ በፊት ወንጀለኛው ዳኛን በ1974 የልም እዣትን በ1980 ጽፈዋል። ስለዚህ ጊዜ አልነበራቸውም የሚለው አይሠራም፣ ልብ ወለዶቹን እየጻፉ ጦርነቱን ወደ መጨረሻ ነው የገፉት። እኔ ይሄን ሳስብ የሚመስለኝ፣ አብረዋቸው የዘመቱት ሰዎች እያለቁ ሲሄዱ ነገሩን የሚያውቅ ሰው እንዳይጠፋ ሰግተው ነው። የማስታውሰው እኔ ብቻ ልቀር ነው ብሎ የሚጽፍ ሰው አለ፣ ይሄም አንድ ምክንያት ነው፣ ከንዴትም ከሐዘንም ይለያል። ይሄ የኔ ግምት ነው፣ ማስረጃ አለኝ አልልም።

ማርቆሴው፦
@ጣናዳር ይሄማ ራሱን የቻለ ክር ነው፣ በሚቀጥለው ሳምንት ክፈተው። ትዝታን በእጁ ያለው ሰው ካለ ስለ ሊፓሪ ያለውን ክፍል ፎቶ አንስቶ ይለጥፍልን፣ ማርቆስ ላይ አሮጌ መጽሐፍ የሚሸጡትን ሁሉ ጠይቄ አጣሁት፣ አንዱማ ትዝታ ስለው የዘፈን ካሴት አወጣልኝ።

ቡሬ03፦
እኔ አሁንም ሥልጣኑ አለበት ባይ ነኝ። አበጀ በለው ፊታውራሪን የማረከበትን ግን ዛሬ ማታ እንደገና አነበዋለሁ። @የዲማው መጽሐፍህን የተዋሰህ ሰው እኔ አለመሆኔን ግን እዚህ ሕዝብ ፊት መስክርልኝ።

የዲማው ቆሎ ተማሪ፦
አንተ አይደለህም። አንተ የተዋስከኝ ሌላ ነው።